ሃያ ሰባተኛው መቺ

ሱልጣን ጫሊን የሰደበው ግንቦት አሥራ አራት ቀን፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦታው ሮቤ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የጋሽ ማሜ ጌም ቤት። የሰሙት ስድስት ልጆች ናቸው። ጫሊ ስድስቱንም በስም ያውቃቸዋል፤ ማን ምን ያህል እንደሳቀም ያውቃል። ሻፊ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት የተቀመጠው ሻፊ፣ ትንሽ ነው የሳቀው። ትንሽ ሳቅ ግን ከትልቁ ይልቅ ትቆያለች። እንደ እሾህ ስባሪ ናት፤ ስለማትታይ አትነቀልም።

ስድቡ ይህ ነበር። ጫሊ በእግር ኳሱ ጌም ዘጠኝ ለዜሮ ተሸንፎ ጆይስቲኩን ሊያስቀምጥ ሲል፣ ሱልጣን ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገና፦

«አንተ እኮ ተጫዋች አይደለህም አቦ» አለው። «ተቀያሪም አይደለህም። አንተ ኳስ አቀባይ ነህ። ከመስመር ውጪ ቁምና ኳሷ ስትወጣ አቀብለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫሊ የሚባል ልጅ ጠፋ። መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታው «አቀባይ፣ አከም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» ነው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲወድቅ «አቀባይ የት ሄደ?» ነው። ስድብን እንደ ካፊያ አራግፎ የሚሄድ ሰው አለ፤ ጫሊ እንደዚያ አልተፈጠረም። ቀኑንም ሰዓቱንም በሆዱ ይዞ፣ «ይህ ስም አንድ ቀን ከላዬ ላይ ይወርዳል» እያለ ክረምቱ እስኪገባ ጠበቀ።

ጋሽ ማሜ የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው መኪናውን ሸጠው አራት ቴሌቪዥንና አራት የጌም ማሽን ገዙ። ሦስቱ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ እግር ኳስ ነው፤ ጩኸቱ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። አራተኛው ጥግ ላይ ተጥሎ ነበር። ጎባ ላይ ዕቃውን ሸጦ አገር ከሚለቅ ሰው የተገዛ አሮጌ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መስመር ወርዶበታል፤ የጆይስቲኩ የግራ ዘንግ ደግሞ ሞቷል። ሞቷል ሲባል አርፎ አይቀመጥም፤ ሳይነኩት በራሱ ወደ ግራ ይሄዳል። እግር ኳስ የተጫወቱበት እንደሆነ አጥቂው ጎሉን ትቶ ወደ ተመልካች ይሮጣል። ስለዚህ ማንም አይቀመጥበትም። ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ዲስክ ነበር፤ ቤዝቦል። እሱንም የሚነካው አልነበረም።

«ጋሽ ማሜ፣ አራተኛው ላይ ልቀመጥ?» አለ ጫሊ በሰኔ መጨረሻ፣ ጠዋት፣ ቤቱ ባዶ ሳለ።

«እሱ ላይ?» ጋሽ ማሜ ጉልበታቸውን እያሹ ቀና አሉ። «ተቀመጥ ልጄ። አቧራ ከሚጠጣ አንተ ብትነካካው ይሻላል።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማን ማንን እንደሚያባርር እንኳ አልገባውም። ዱላ የያዘ ሰው ይቆማል፤ ሌላው ኳስ ይወረውርበታል፤ ከዚያ ሁሉም ይሮጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጫሊ ካፖርቱን ተከናንቦ ይሸነፋል። ቀስ እያለ ግን ነገሩ ተፈታለት። ወርዋሪ አለ፣ መቺ አለ። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል። ሦስት ሰው ሲወጣ ተራው ይገለበጣል። ዘጠኝ ዙር ነው።

አንድ ቀን ኳሷን ከአጥር በላይ መታትና ከቴሌቪዥኑ ጥግ «ቲንግ» የሚል ድምፅ ወጣ። ትንሽ የነሐስ ዋንጫ ብቅ ብላ ጠፋች። ጫሊ ዘሎ ተነሳ። የሰጠው ሰው አልነበረም፤ ያየውም ሰው አልነበረም። ዋንጫዋ ግን መጣች። ማውጫው ውስጥ ገብቶ ሲያይ እንደዚህች ያሉ ዋንጫዎች አርባ ናቸው። እያንዳንዷ ሥር ምን ቢደረግ እንደምትገኝ በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

አንድ ደብተር ገዛ። ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት ተዋሰና አርባውንም አንድ በአንድ ገለበጣቸው። በየሥራቸው ቀን መጻፍ ጀመረ።

«ኳስ ከአጥር ውጪ ምታ። ሐምሌ 3 ተገኘ።»

«ሦስት ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ከአጥር ውጪ ምታ። ሐምሌ 29 ተገኘ። መብራት ሁለቴ ሄዷል።»

«በአንድ ጨዋታ አሥር ሰው ራስህ አስወጣ። ነሐሴ 17 ተገኘ። አውራ ጣቴ ቆስሏል።»

አውራ ጣቱ የቆሰለው በዚያ በሞተ ዘንግ ምክንያት ነው። የሚወረወረው ኳስ የት እንደሚያርፍ የሚመራው የግራው ዘንግ ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ግራ ይንሸራተታል። ጫሊ ዘዴውን ያገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። በግራ አውራ ጣቱ ዘንጉን ለትንሽ፣ ለጥቂት ብቻ ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ ጨዋታው እስኪያልቅ አይለቀውም። መጀመሪያ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያ ፈነዳ፤ ከዚያ እንደ ተረከዝ ደደረ።

ትምህርት ተከፈተ። ዘጠነኛ ክፍል የከሰዓት ፈረቃ ስለደረሰው ጠዋት ጠዋት መምጣቱን አልተወም። ኅዳር ሲያልቅ ሠላሳ ዘጠኝ ዋንጫ ነበረው። የቀረችው አንዲት ናት። ደብተሩ ላይ እንዲህ ተጽፋለች፦ «ሃያ ሰባቱንም መቺ በተራ አስወጣ። አንድም ሰው እንዳይመታብህ፣ አንድም ሰው እንዳያልፍህ።»

ይህቺ የአንድ ሰዓት ሥራ ናት። አንዲት ኳስ ከተመታች ከመጀመሪያው ነው። መብራት ከሄደም ከመጀመሪያው ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሮ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቋል። አንዴ ስምንተኛው ዙር ላይ መብራት ሄደና ጥቁሩ ቴሌቪዥን ላይ የራሱን ፊት ሲያይ ቀረ። አላለቀሰም። ደክሞት ነበር፤ የደከመው ሰው ለማልቀስም አቅም ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ልብ አላለም፤ ወይም ልብ ብሎ ንቆታል። በቴሌቪዥኑ ራስጌ «ሱልጣን» የሚል ስም ይነበብ ነበር። ሱልጣን የጋሽ ማሜ የእህት ልጅ ነው። ማሽኑ ሲገዛ አስተካክልልኝ ብለውት፣ የተጫዋች ስም በሚጠይቀው ቦታ የራሱን ስም ጽፎበት ሄደ። መስጊድ በር ላይ ለውዱእ የሚጠለቅ ላስቲክ ጫማ አለ አይደል? ቀድሞ የደረሰ ያጠልቀዋል እንጂ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጫሊም ያንን ስም የቆጠረው እንደዚያ ነው። ጌም ቤት ውስጥ ሁሉም በአንድ ስም ነው የሚጫወተው።

ረቡዕ ታኅሣሥ ስምንት ቀን ጠዋት ሮሚ መጣች። ሮሚ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠና ልጅ ናት፤ ጋሽ ማሜ ሁለተኛው ማሽን ሲበላሽባቸው ነው የጠሯት። እሱን ጨርሳ አራተኛውንም ልየው ብላ ከስልኳ ኔት ሰጠችው። ጫሊ ቦታውን ለቆላት አጠገቧ ቆመ። ማውጫውን ከፍታ ስትመለከት እጇ ቆመ።

«ውይ!» አለች። «ይሄንን ማነው የሠራው? ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙ? ይሄ እኮ በዓለም ላይ ካለ ተጫዋች ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይደርስበትም!»

ሦስቱም ቴሌቪዥኖች ላይ እግር ኳሱ ቆመ። ጫሊ ጆሮው ጋለ። ሰባት ወር የጠበቃት ደቂቃ ናት። አፉን ከፈተ።

«ስሙን አታዪም እንዴ?» አለ ሱልጣን ከኋላ። እየሳቀ መጣ። «የኔ ነዋ። ሱልጣን።»

«እኔ ነኝ የተጫወትኩት» አለ ጫሊ። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ቀጥኖ ወጣ።

«አንተ?» ሮሚ ዞር አለች።

«ደብተር አለኝ። ቀኑ ሁሉ ተጽፏል።» ቦርሳውን ከፍቶ አወጣላት። ሮሚ ገጹን ገለጠች፤ ጽሑፉን በጣቷ ተከተለች።

ሱልጣን አንገቱን አስግጎ ደብተሩን አየና ሳቁን ለቀቀው። «ወላሂ ጥሩ ጽሕፈት አለው! እኔ ስጫወት እሱ ይጽፍልኛላ። አቀባይ አይደል? ኳስ ቢያቅተው እስክሪብቶ ያቀብላል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጫሊ ወደ ሻፊ ዞረ። ስንት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት መጥቶ ያችን አሮጌ ወንበር ተጋርቶት ነበር! «ሻፊ፣ ንገራት።»

ሻፊ ጫማውን አየ። ለእሑዱ የጌም ውድድር ቡድን የሚመርጠው ሱልጣን ነው። «እኔ… ብዙ አልመጣም እኮ ጠዋት ጠዋት» አለ ሻፊ።

ጫሊ ጋሽ ማሜን አያቸው። ያውቃሉ። በየጠዋቱ በሩን የሚከፍቱለት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ማሜ ግን ጉልበታቸውን ማሸት ጀመሩ። «ተዉ ልጆች፣ ዲሳ፣ ለጌም አትጣሉ። ማሽኑ የሚያውቀው የጻፉበትን ነው» አሉ፤ ቀና ግን አላሉም።

ሮሚ ደብተሩን ለጫሊ መለሰችለት። ያመነችው አትመስልም፤ ያላመነችውም አትመስልም። «ለማንኛውም አንድ ነው የቀረው» አለች። «ጎባ ላይ ለወጣቶች የጌም ቀን እያዘጋጀን ነው። አርባውን የጨረሰ ሰው ካለ መድረክ ላይ እናወጣዋለን። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት መጥቼ የመጨረሻውን ስትጫወት እቀርጽሃለሁ፤ እሺ ሱልጣን?»

«ኢንሻአላህ!» አለ ሱልጣን።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጫሊ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጦ አባቱን ጠበቀ። የስንዴ አጨዳ ነው፤ ከተማው ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። አባቱ ቶላ የመሬታቸውን ሰብል ከሰበሰቡ በኋላ መጋዘን ጆንያ ይሸከማሉ። ያን ቀን ገብተው ሲቀመጡ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ጫሊ ጫማቸውን ፈታላቸውና የሆነውን ነገራቸው። ቤዝቦሉን አላስረዳም፤ ስለ ስሙ ብቻ ነው የነገራቸው።

«እኔ ስንት ዓመቴ ነው ስንዴ ስዘራ?» አሉ አባቱ። «ጆንያው ላይ ስሜን አይተህ ታውቃለህ?»

«የነጋዴው ነው የሚጻፈው።»

«የነጋዴው ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ምን አደረጉ አባ?»

«ምን አደርጋለሁ። ተሸከምኩ።» ይህን ብለው ትከሻቸውን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ጆንያው አሁንም እዚያ ያለ ይመስል። ከዚያ ተነስተው ፈረሱን ውኃ ሊያጠጡ ሄዱ።

አርብ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሱልጣን ብቻውን ጠበቀው። ባጃጅ መቆሚያው ጋ እጁን ትከሻው ላይ ጣለበት።

«ስማ ብሮ፣ ቂም አትያዝብኝ። ያን ቀን ቀልድ ነው» አለው። «ነገ በጠዋት ጀምረው። ዙሩን ሁሉ አንተ ተጫወት። ሮሚ ስትመጣ መጨረሻውን እኔ እይዘዋለሁ። ለቪዲዮ ነው፣ ሌላ አይደለም።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? ከዚህ በኋላ አጎቴ ቤት እንደፈለግህ ትጫወታለህ። አቀባይ የሚልህ ካለም እኔ ጋ ነው ጸቡ። ዝም አሰኝልሃለሁ።»

ጫሊ ያንን ከትከሻው ላይ ያለ እጅ አየው። ስሙን የወሰደበት እጅ ነው፤ አሁን ስሙን ሊመልስለት በዋጋ ይደራደረዋል። እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ሱልጣን ግን ዝምታውን እሺ ነው ብሎ ወስዶት በባጃጅ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ጫሊ ሲነሳ ላለመሄድ አስቦ ነው የተነሳው። ፊቱን ሲታጠብም አልሄድም እያለ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ግን አራተኛው ማሽን ፊት ተቀምጦ ተገኘ። ለሱልጣን ብሎ አልሄደም። ለሮሚም ብሎ አልሄደም። ያቺ አንዲት መስመር ደብተሩ ላይ ቀን ሳይጻፍላት ነጭ ሆና ስትተኛ ማየት ስላቃተው ነው።

የጠዋቱ ሙከራ ገና ሦስተኛው ዙር ላይ ተበላሸ፤ አንድ መቺ ኳሷን አገኛት። ከመጀመሪያው ጀመረ። አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። በዚህኛው ግን እጁ የራሱ አልነበረም። አውራ ጣቱ ዘንጉን ለጥቂት ወደ ቀኝ፣ ሁልጊዜ ለጥቂት ወደ ቀኝ ይዞታል። ሦስት ወጡ። ስድስት ወጡ። ዘጠኝ። መብራቱ አንዴ ድንግዝ ብሎ ተመለሰ፤ ማሽኑ ግን አልጠፋም። አሥራ ስምንተኛው ሲወጣ ከሌሎቹ ቴሌቪዥኖች አንድ ሁለት ልጆች መጥተው ኋላው ቆሙ። ሃያ አንደኛው ወጣ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ የማያውቁ ልጆች፣ ሰው በወጣ ቁጥር ትንፋሻቸውን አብረው ይለቁ ጀመር።

«ሃያ አራት» አለ አንድ ሰው ከጎኑ በሹክሹክታ። ሻፊ ነው። ጫሊ አልዞረም።

ሃያ አምስተኛው ሦስት ጊዜ ስቶ ወጣ። ሃያ ስድስተኛው ኳሷን ወደ ላይ አነሳት፤ ከፍ፣ ከፍ ብላ ስትወርድ አንዱ ተከላካይ ሮጦ ቀለባት። ወጣ።

በሩ ተከፈተ። ሮሚ ስልኳን ይዛ ገባች፤ ሱልጣን ከኋላዋ፣ አዲስ ጃኬት ለብሷል።

«ስንት ቀረ?» አለ ሱልጣን።

«አንድ ሰው» አለ ሻፊ።

«በቃ፣ በቃ፣ ተነሳልኝ! ሮሚ፣ ከዚህ በኩል ቅረጪኝ።» ሱልጣን መዳፉን ዘረጋ። «አምጣ አቀባይ።»

ጫሊ ቴሌቪዥኑን አየ። ሃያ ሰባተኛው መቺ ገብቶ ቆሟል፤ ዱላውን ትከሻው ላይ እያወዛወዘ ይጠብቃል። ወርዋሪው ካልወረወረ መቺው እስከ ነገም ይጠብቃል። ሦስት ኳስ ነው የቀረው። ሦስት ኳስ ቢወረውር «ቲንግ» ትላለች፤ ስትል ግን ሱልጣን ለሚባለው ነው የምትለው። ሰባት ወሩን ሁሉ ተሸክሞ እዚህ ያደረሰው ለዚህ ስም ነበር። ትከሻውን ከበደው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ያህል እንደደከመው አወቀ።

ሮሚ ስልኳን ዝቅ አደረገችው። «ቆይ፣ እስካሁን ማን ነበር የሚጫወተው?» አለች።

ጫሊን ነው ያየችው። ሁሉም ጫሊን ነው ያዩት። ጋሽ ማሜ እንኳ ቀና ብለዋል። አሁን ቢናገር ይሰሙት ይሆናል። ረቡዕ ግን ተናግሮ ነበር። ያው ነው፤ ያኔም ያውቁ ነበር፣ አሁንም ያውቃሉ።

አውራ ጣቱን ከዘንጉ ላይ አነሳ። ጆይስቲኩን ሱልጣን መዳፍ ላይ፣ ሞቅ እንዳለ፣ ቀስ አድርጎ አስቀመጠለት። ደብተሩን ከወንበሩ ሥር አንስቶ አቧራውን አራገፈና ብብቱ ሥር ከተተው።

«ሂድ እንግዲህ፣ ቦታ ልቀቅ» አለ ሱልጣን እየተቀመጠ። ሮሚ ስልኳን መልሳ አነሳች።

ጫሊ በልጆቹ መካከል አለፈ። ሻፊ እጅጌውን ያዝ አደረገው፤ ጫሊ አልገፋውም፣ አልቆመለትምም፤ እጅጌው በራሱ ጊዜ ተለቀቀ። በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው አንድ ልጅ «እንዴ፣ ኳሷ ወዴት ነው የምትሄደው?» ሲል ሰማ።

«ቆይ፣ ቆይ… ወደ ግራ እየሳበኝ ነው» አለ ሱልጣን። «ምንድነው ይሄ? ሻፊ፣ አስተካክለው!»

«እኔ አላውቀውም» አለ ሻፊ።

ውጪ ጭጋጉ ተገፏል። አንድ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር አስፋልቱን ሞልቶ ወደ ጎባ መንገድ እየተጎተተ ነበር፤ ጋሪዎቹ ጥግ ይዘው ያሳልፉታል። ጫሊ መንገዱን ሊሻገር ቆሞ ጠበቀ።

«ጫሊ!»

ሱልጣን ነው። ከግንቦት አሥራ አራት ወዲህ በስሙ ሲጠራው የመጀመሪያው ነው።

«ጫሊ! የቱ ነው የሚወረውረው? አንተ! የትኛውን ነው የምጫነው?»

ኮምባይነሩ አለፈ። ጫሊ ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ከቶ መንገዱን ተሻገረ። ኪሱ ውስጥ የግራ አውራ ጣቱ፣ ሳይታወቀው፣ ለጥቂት ወደ ቀኝ እየገፋ ነበር።